ቢጫ ያልኩት ጥለት ቡኒ ሲወጣ

ቢጫ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ አውቃለሁ የምትሉ ካላችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔም እስካለፈው ኅዳር ድረስ በዚሁ ደስታ እኖር ነበር። የበሰለ ሎሚ፣ አደይ አበባ፣ የእንቁላል አስኳል፣ የአንዳንድ ሰዎች ጥርስ፤ ቢጫ ነው፣ ምን ያከራክራል? ዛሬ ግን አንድ ሰው «ቢጫ» ካለኝ «በየትኛው ስክሪን ላይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህ የተነሳ ሰዎች ከእኔ ጋር ስለ ቀለም ማውራት ትተዋል። ስለ ሌላ ነገርም ብዙ አያወሩኝም፤ እሱ ግን ከድሮም ጀምሮ ነው።

የምኖረው ኮልፌ፣ ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጋሼ ወልዴ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሼ ወልዴ ሸማኔ ናቸው። ሙያውን አባታቸው ከጨንቻ ይዘውት መጡ፣ እሳቸው እዚሁ ኮልፌ ተወልደው ወረሱት። እኔ ደግሞ ጓሮ ያለችውን አንድ ክፍል የተከራየሁ ዝምተኛ ልጅ ነኝ። የኔን ክፍልና የሳቸውን ሸማ መሥሪያ የሚለየው ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ እሳቸው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲሰዱት እኔ እሰማለሁ፤ እኔ ኪቦርድ ስነካካ እሳቸው ይሰማሉ። ሳንነጋገር ቀኑን ሙሉ አብረን እንውላለን። አንድ ቀን አሞኝ ተኝቼ ኪቦርዱ ዝም ሲል በቆርቆሮው በኩል «ክርህ ተበጠሰ?» ብለው ጠይቀውኛል።

ባለፈው ኅዳር ግን ዝም ያለው የሳቸው መወርወሪያ ነው።

ኅዳር ለሸማኔ ዝም የሚባልበት ወር አይደለም። የጥር ሰርግ ልብስ ያን ጊዜ ካልታዘዘ ሙሽራ በምን ትወጣለች? ነገር ግን ጥለቱ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ በጥቅል እየገባ ሱቁን ሁሉ ሞልቶት ነበር። ርካሽ ነው፤ ደግሞ ምን እንደሚገዙ በዓይን ያዩታል። ሸማኔ ዘንድ ግን የሚታየው ገና ያልተሠራ ነገር ነው። ደንበኛ ስልኳን አውጥታ የሌላ ሰው ሰርግ ፎቶ ታሳያለች፤ «እንደዚህ፣ ግን አረንጓዴው ቀርቶ ሰማያዊ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ ሰማያዊ ያላለ» ትላለች። ጋሼ ወልዴ በአእምሯቸው አንድ ሰማያዊ ይዘው ይሄዳሉ፤ እሷ በአእምሮዋ ሌላ ሰማያዊ ይዛ ትሄዳለች። ሁለቱ ሰማያዊዎች የሚገናኙት ልብሱ አልቆ ነው፤ ሲገናኙም አይስማሙም።

ያን ሰሞን የቀራቸው ትልቅ ተስፋ እትዬ አስናቀች ነበሩ። ዓለም ባንክ ሰፈር የሚኖሩ፣ አንዲት ልጃቸውን የሚድሩ ሴት ናቸው። ለሙሽራዋም፣ ለራሳቸውም፣ ጎጃም ድረስ ለተዘረጋው ዘመድም አንድ ዓይነት ጥለት ሊያሠሩ አስበዋል። ይህ ትእዛዝ ከመጣ ጋሼ ወልዴ እስከ ጥር ቀና አይሉም። ካልመጣ ደግሞ መሥሪያውን ነቅለው ክፍሉን ሊያከራዩት እንደሆነ ለባለቤታቸው ሲነግሩ በቆርቆሮው በኩል ሰማሁ። ዝም ማለት እችላለሁ፤ አለመስማት ግን አልችልም።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የተንጋደደ ነገር ማየት አልችልም። ሰው ቤት ገብቼ ካላንደር ተንጋዶ ካየሁ ሳላቃናው አልቀመጥም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ገብቼ የሟቹን ፎቶ ሳቃና የቅርብ ዘመድ መስያቸው ከፊት አስቀመጡኝ፤ እስከ ሠልስት ድረስ እዚያው ነበርኩ። ሟቹን አላውቃቸውም። ኮምፒውተርም የተማርኩት እንደዚሁ ነው፤ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ማንም ያልጠየቀኝን እያስተካከልኩ።

ስለዚህ ቆርቆሮውን አንኳኩቼ ጋሼ ወልዴን አነጋገርኳቸው። ጥለቱን ከመሸመኑ በፊት በኮምፒውተር ከነቀለሙ አሳያለሁ አልኳቸው።

ላፕቶፔ አየር ጤና ካለ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ የተገዛ ነው። ባትሪው ስለሞተ ከሶኬት ከተነቀለ አብሮ ይሞታል። ማራገቢያው ሲነሳ ጢም ብሎ ሞልቶ ዳገት የሚወጣ ሚኒባስ ይመስላል። ሥዕል ያለበት ፕሮግራም ሲከፈትበት ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ ሐሳቡን ይቀይራል። ስለዚህ የምሠራው ተርሚናል በሚሉት ጥቁር ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ በፊደል ትጽፉለታላችሁ፣ በፊደል ይመልስላችኋል፣ አለቀ። ለጥለት ደግሞ ይኸው ይበቃል። ጥለት እኮ ረድፍና ዓምድ ነው። እዚህ ጋ ክር አለ፣ እዚህ ጋ የለም፤ ካለ ቀለሙ ይህ ነው። እኔ በክሯ ፋንታ አንዲት ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት አስቀምጣለሁ፣ ምልክቷን ቀለም አለብሳታለሁ። እትዬ አስናቀች አይተው ይመርጣሉ።

ጋሼ ወልዴ «ከተሳካልህ ከጉድጓዴ አልወጣም» አሉ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ነው የሚሠራው፤ ሥራ የበዛለት ሸማኔ ከጉድጓዱ አይወጣም። ከዚያ የበለጠ ምርቃት አላውቅም።

ፕሮግራሙን ጽፌ ስጨርስ ጠራኋቸው። ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቅማ ቢጫ ብዬ ያዘዝኩት ጥለት በጥቁር ገጽ ላይ ነጭ፣ ነጭና ነጭ ሆኖ ወጣ። ጋሼ ወልዴ ጎንበስ ብለው ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ነጠላውን አየሁት። ጥለቱ የሚመጣው ነገ ነው?»

ተረታችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል። የኔ መስመሮች አብረው አንድ ቀይ ማሰር አልቻሉም።

ኢንተርኔት ላይ ገባሁ። ይህ ችግር በእኔ የተጀመረ አይደለም፤ ዓለም ሁሉ ተርሚናሉ ቀለም እንቢ ብሎት ሲያለቅስ የኖረ ነው። አንዱ በቁጣ ይመልሳል፤ ሌላው «እንዲህ ያለውን መጠየቅህ ራሱ ያሳፍራል» ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን ልክ እንደኔ ዓይነት ችግር ያለበት ሰው ነው። ከነዝርዝሩ ጽፎታል፤ ወደ ታች ወረድኩ። መጨረሻ ላይ «ፈታሁት፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ሄዷል። እንዴት እንደፈታው አንድ ቃል የለም። ይህ ሰው የት አገር እንዳለ አላውቅም። ያለበት ቦታ መብራት አይጥፋበት፤ ግን ከጠፋበት እርግማኑ የኔ መሆኑን ይወቅ።

እኔ እንደዚህ ስዳክር እትዬ አስናቀች ከእህታቸው ከወይዘሮ ተዋበች ጋር ሐሙስ ከሰዓት ሳይታሰቡ መጡ። «በዚህ ስናልፍ ነው» አሉ። የኛ ቅያስ ግንብ ጋ ደርሶ ያበቃል፤ በኛ በኩል ማንም አያልፍም። ወይዘሮ ተዋበች የሱቁ ጨርቅ ወገን ናቸው። ወንበር ሳይቀርብላቸው ዙሪያውን ቃኝተው ጉድጓዱ ባዶ መሆኑን አዩ።

እኔ ቀለሙ ገና ነው ብዬ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር፤ ጋሼ ወልዴ ግን ቅርጹን እንኳ ይዩት አሉ። ላፕቶፑን አምጥቼ ሰካሁና ፕሮግራሙን አስነሳሁት።

አሁን የሆነውን በትክክል ልንገራችሁ። ኮምፒውተር የሚጽፈው ከላይ ወደ ታች ነው። እኔ ደግሞ የኮራሁት በጥለቱ ስለሆነ ጥለቱን መጀመሪያ ጻፍኩት። ስለዚህ እትዬ አስናቀች ያዩት ነገር የልጃቸው የሰርግ ነጠላ ነው፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር፣ ጥለቱ ወደ ላይ። ነጠላን እንደዚያ አዘቅዝቆ የሚለብሰው ለቀስተኛ ነው። የተንጋደደ ካላንደር ከሩቅ የማየው ሰው ይህን አላየሁትም።

እትዬ አስናቀች አማተቡ። «ጥቁር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጥለቱም ወደ ላይ ነው።»

ጥቁሩ ልብሱ ሳይሆን ስክሪኑ መሆኑን፣ ነጩም ነጭ ሳይሆን ያልመጣ ቀለም መሆኑን አስረዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትክክል ሆኜ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀን ትክክል መሆን ምንም ሳይጠቅመኝ የቀረበት ጊዜም የለም።

ወይዘሮ ተዋበች ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «አስኑ፣ ሰርግ ነው ያልሽኝ ወይስ ተዝካር?»

ጋሼ ወልዴ ቅዳሜ ይመለሱ፣ ሙሽራዋንም ይዘዋት ይምጡ፣ ሁሉም ይስተካከላል ብለው ለመኑ። እትዬ አስናቀች መልካም ሴት ናቸው፤ በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ። «ቅዳሜ በዓይኔ ካላየሁ ከተዋበች ጋር ሱቅ ነው የምሄደው። አይቀየሙኝ ጋሼ ወልዴ፤ አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ።»

ከሄዱ በኋላ ጋሼ ወልዴ ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መለሱ። ከዚያ «በዚህ ዕድሜዬ ሟርተኛ አደረግኸኝ» አሉኝ፤ ቁጣ እንኳ የለበትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ጥለቱን ወደ ታች ማውረድ ቀላል ነበር። የቀለሙን መድኃኒት ያገኘሁት ግን በማግሥቱ ነው፤ እዚያው የራሴ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሞች ቀለም ከማውጣታቸው በፊት ማሽኑን «ፊት ለፊትህ ያለው ምን ዓይነት ስክሪን ነው?» ብለው ይጠይቁታል። የኔ ማሽን ስክሪኑ ቀለም የሚችል ሆኖ ሳለ «ቀለም የማያውቅ የድሮ ስክሪን ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። ለምን? ከወራት በፊት ፊደል ማጥፊያው ቁልፍ አስቸግሮኝ አንድ መስመር ትእዛዝ ከኢንተርኔት ቀድቼ ስለለጠፍኩበት ነው። ቁልፉ ተስተካከለ፤ ማሽኑ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ሰው ሞልቶ «የሉም» በል እንደተባለ ዘበኛ ቀለሙን ሁሉ ከደጅ ይመልስ ነበር። መስመሯን አጠፋኋት። ቀዩ መጣ፣ አረንጓዴው መጣ። የወርቁን ክር ሳልሞክር መብራት ሄደ፤ ሁለቱ ከመጡ ሦስተኛው የት ይቀራል ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ሁሉም መጡ። ሙሽራዋ ሰላም ትባላለች። ሰላምታ ሰጥታን አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስልኳ ውስጥ ገባች። ሰርጉ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። እኔ ከመጠን በላይ ተዘጋጅቼ ነበር። ከአንድ ጥለት ይልቅ ብዙ ጥለት አከታትዬ ስለጻፍኩ ገጹ ከስክሪኑ ረዘመ፤ ስለዚህ ጽሑፍን ገጽ በገጽ የምታገላብጥ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም መካከል አስገባሁ። ይህችን ትንሽ ፕሮግራም አልሞከርኳትም። ምን ታደርጋለች? ታገላብጣለች።

አገላበጠች። ቀለም ግን አላወጣችም፤ ቀለም አምጪ የሆነውን ኮድ ራሱን ፊደል በፊደል ጻፈችው። ከእያንዳንዱ ክር ፊት ግማሽ ቅንፍ፣ ሠላሳ ሦስት ቁጥርና የእንግሊዝኛ ኤም። ከዚያ ሠላሳ አንድና ኤም። ገጹ ሙሉ።

ወይዘሮ ተዋበች መነጽራቸውን አደረጉ። «ይሄ ምንድን ነው?»

እኔ አፌን ከመክፈቴ ጋሼ ወልዴ ቀደሙኝ። «የክር ልክ ነው።»

«ለአንድ ጥለት ሠላሳ ሦስት ሜትር?»

«ለሰርግ አይበዛም» አሉ ጋሼ ወልዴ። ዋሽተው የማያውቁ ሰው ስለሆኑ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰቅለው ነበር።

መፍትሔውን ፈለግኩ። መፍትሔው አር የምትባል አንዲት ፊደል ናት፤ አገላባጯን ስጠራት ከጎኗ አር ብዬ ብጽፍ ኖሮ ኮዱን ትታ ቀለሙን ታሳይ ነበር። ጻፍኩላት። ቀለም መጣ። ቀይ። መጀመሪያ የቀዩ ክር፣ ቀጥሎ ከቀዩ ክር በኋላ ያለው ሁሉ፣ ቀጥሎ እኔ የምጽፈው ነገር ራሱ ቀላ። ለቀዩ «ጀምር» ብዬ «በቃ» ማለት ረስቻለሁ። ተርሚናል ደግሞ እንደ አንዳንድ እንግዳ ነው፤ በቃ ካላሉት አይሄድም።

«አሁን ደግሞ ሥጋ ቤት ሆነ» አሉ ወይዘሮ ተዋበች፤ ቦርሳቸውንም አነሱ። እትዬ አስናቀች እህታቸውን አዩ፣ ጋሼ ወልዴን አዩ፣ እሳቸውም ቀስ ብለው ለመነሳት ጉልበታቸውን ያዙ። ጋሼ ወልዴ ባዶውን ጉድጓድ ያያሉ። ቶሎ ብዬ «በቃ» የምትለውን ኮድ በየክሩ መጨረሻ ጨመርኩና ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳሁት።

ጥለቱ ወጣ። ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ፣ በየቦታው ቆመው። ወርቅማ ቢጫ ያልኩት ግን ቡኒ ነበር።

ምክንያቱን በኋላ አነበብኩት። የጥንት ስክሪን ሠሪዎች ጨለም ያለው ቢጫ አስቀያሚ ቢሆንባቸው ቡኒ አደረጉት፤ ስሙን ግን ቢጫ ብለው ተዉት። የኔ ጥቁር ገጽ ይህን ልማድ ሳይለቅ ቆይቷል። ያን ሰዓት ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው ቢጫ ብዬ ቡኒ መውጣቱን ነው። ቡኒው ደግሞ የጫማ ቀለም ዓይነት አይደለም፤ ወደ ብርቱካን ያደላ፣ ዝናብ የመታው ቆርቆሮ ጥጉ ላይ የሚያወጣው ዓይነት ነው።

«ይቅርታ፣ ይሄ ስህተት ነው» አልኩ። «ቢጫ መሆን ነበረበት፤ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

«ቆይ» አለ አንድ ድምፅ። ሙሽራዋ ነች። ስልኳን አግዳሚው ላይ ትታ ተነስታ ነበር። ስክሪኑ ፊት ቆማ ብዙ አየችው። «አትንካው።»

«ግን ቀለሙ ልክ አይደለም» አልኳት። «ይኸውልሽ፣ ቁጥሩ ሠላሳ ሦስት ከሆነ መውጣት ያለበት...»

እግሬ ላይ አንድ ከባድ ነገር አረፈ። የጋሼ ወልዴ እግር ነው። እሳቸው ፊታቸውን ሳያዞሩ ለእትዬ አስናቀች ፈገግ እንዳሉ ናቸው። እግራቸው ግን በሸማኔነት ዘመናቸው ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ መርገጫውን ሲረግጥ የኖረ እግር ነው፤ መርገጥ ያውቃል።

ወይዘሮ ተዋበች አጋጣሚውን አላሳለፉትም። «ልጁ እኮ ራሱ ስህተት ነው እያለሽ ነው» አሏት።

«ስህተቱን ነው የምፈልገው» አለች ሰላም። «ሱቅ ሁሉ የሞላው ቢጫ ነው። ይሄን ማንም ለብሶት አላየሁም።»

እትዬ አስናቀች ጠጋ አሉ። ያማትባሉ ብዬ ፈራሁ። ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አደረጉና «የዱር ማር ይመስላል» አሉ። «አባቴ ከቆላ የሚያመጣው ዓይነት።» ከዚያ ወደ ጋሼ ወልዴ ዞረው ለስንት ሰው እንደሚበቃ መነጋገር ጀመሩ። የጋሼ ወልዴ እግር ከእግሬ ላይ የተነሳው ያን ጊዜ ነው።

ሥራው አለቀ ካላችሁ ቀለሙን ገበያ ፈልጉት። የትም የለም። ፎቶ አንስቼ ለክር ነጋዴዎች ባሳይ የስልኬ ስክሪን ሌላ ቡኒ ያወጣል፤ በነጋዴው ስልክ ላይ ሌላ ቡኒ፤ ሦስታችንም ሦስት ቡኒ ይዘን መርካቶ መሃል ቆምን። ስለዚህ ላፕቶፑን ራሱን ተሸክሜ ከጋሼ ወልዴ ጋር ክር ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ሰው ክር ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሶኬት አለ?» ብሎ ሲሆን ሻጩ በተለየ ዓይን ነው የሚያየው። አንዱ ስልክ ቻርጅ የምናደርግ መስሎት አባረረን። ሌላው ደግ ነው፤ የቡኒ ዘር የሆነ ክር ሁሉ አውርዶ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ሲያስደግፍ መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠፋ። ሁላችንም ክር በእጃችን ይዘን የቀለሙን ትዝታ ስንጠብቅ ቆየን።

በመጨረሻ ጋሼ ወልዴ ብርቱካንማ ክርና ጥቁር ቡኒ ክር ገዝተው አንድ ላይ አከረሩት። ስክሪኑ ላይ ብናስደግፈው ክሩ ጠፋብን፤ ስክሪኑን መሰለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቆርቆሮው ማዶ መወርወሪያው አላረፈም። እኔ አንዳንዴ እጄ እያሳከከኝ ያችን የቢጫውን ሠላሳ ሦስት ቁጥር ከፍቼ አያታለሁ። ትንሽ ነገር ብለውጥ ቢጫው ትክክለኛ ቢጫ ይሆናል። ኪቦርዱን ከወትሮው በተለየ ስነካካ ከማዶ «አትንካው» የሚል ድምፅ ይመጣል። እንዴት እንደሚለዩት አላውቅም።

ሰርጉ ጥር ላይ ሆነ። ሙሽራዋ ስትገባ አዳራሹ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ፤ ከኋላዋ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ በኔ ስህተት አጊጦ ገባ። ሴቶች ምሳቸውን ትተው የእትዬ አስናቀችን ነጠላ ጫፍ እየያዙ ማን እንደሠራው ጠየቁ። ወይዘሮ ተዋበች ራሳቸው ለብሰውት «እኛ ነን ያስመረጥነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ሁሉም ፎቶው ሲደርስ አይተን እናዛለን አሉ። ጋሼ ወልዴ ያን ዕለት ከቆረጡት ሥጋ ይልቅ የቆጠሩት የሚመጣ የሰርግ ትእዛዝ ይበልጣል።

ፎቶው ሲደርስ እትዬ አስናቀች ደወሉ። «ልጄ፣ ጉድ ሆነናል። ቢጫ ነው።»

ፎቶ ቤቱ ዓለም ባንክ ነው። እትዬ አስናቀች ቀድመውኝ ደርሰው አልበሙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። አየሁት። ሙሽራዋም፣ እናትም፣ አክስትም፣ ጎጃም ድረስ ያለው ዘመድም ወርቅማ ቢጫ ለብሰዋል። ልክ ሱቅ ያለውን። ይህን ፎቶ ያየ ሰው ጋሼ ወልዴ ዘንድ ለምን ይመጣል?

ፎቶ አንሺው ዝምተኛ ወጣት ነው። «መብራቱ አበላሽቶት ነበር እትዬ» አለ በትሕትና። «ጥለቱ ሁሉ ቡኒ ሆኖ ወጣ። አንድ በአንድ አስተካከልኩት።»

«ማን አስተካክል አለህ?» አሉት እትዬ አስናቀች።

ይህን ስሰማ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ማንም እንዳላለው አውቃለሁ። እንደዚህ ያለ ሰው ማንም ሳይለው ነው የሚያስተካክለው። እየተናገረ እንኳ የአልበሙን ጠርዝ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ቀስ እያደረገ ያገጣጥም ነበር። እኔም በወዲያኛው በኩል ያንኑ እያደረግኩ ነበር። እጃችን መሃል ላይ ሊገናኝ ምንም አልቀረው።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ቡኒው ነው ትክክሉ።»

«ለሰርግ? ቡኒ?»

«መጀመሪያ ስህተት ነበር። አሁን ግን ትክክል ነው። ወደነበረበት መልሰው።»

እኔ ያን ቅዳሜ ሙሽራዋን ባየሁበት ዓይን አየኝ። የራሱ ስም ያለበት ሥራ ላይ ስህተት እንደማያወጣ ነገረኝ፤ ሌላ ጊዜ ብንገናኝ ጓደኛዬ አደርገው ነበር። እትዬ አስናቀች ትዕግሥታቸው እያለቀ ነው። «እኔ ምኑንም አላውቅም» አሉ። «ልጄ የለበሰችውን ማር የመሰለ ቀለም መመለስ ይቻላል ወይስ አይቻልም?»

«መቻሉ ይቻላል» አለ፣ «ግን ትክክለኛው ቀለም...»

ጠረጴዛው ሥር እግሩን ፈልጌ ረገጥኩት። ጋሼ ወልዴ እንዳስተማሩኝ፤ ፊቴን ሳላዞር፣ ለእትዬ አስናቀች ፈገግ እንዳልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። መናገር የማይወድ ሰው ሌላ መናገር የማይወድ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

«ይቻላል እትዬ» አለ።

ስንወጣ በሩ ሲላተም ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የሌላ ሙሽሮች ፎቶ ትንሽ ተንጋደደ። ከውጭ በበሩ መስታወት አየሁት። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ሌላ ምንም ሳላይ፣ ወደ ታክሲው መሄድ ነበረብኝ። ግን አንድ ጊዜ ዞር አልኩ። ፎቶ አንሺውም አይቶታል፤ ከወንበሩ ተነስቶ እያነከሰ ሊያቃናው እየሄደ ነበር።